የመጨረሻው አሠልጣኝ ዘጠኝ ነጥቦች

እ.ኤ.አ. ሜይ 28 ቀን 2023 ሌስተር ሲቲ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ አሸንፎ ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ዌስትሃምን 2 ለ 1 ረትቶ ነበር። በዚያው ሰዓት ኤቨርተን ቦርንማውዝን 1 ለ 0 በማሸነፉ ግን የሌስተር ድል ከንቱ ቀረ። አብሮኝ ይመለከት የነበረው የእህቴ ልጅ፣ ካሜራው የሌስተሩን አሠልጣኝ ዲን ስሚዝን ሲያሳይ፣ «ጋሼ፣ ያወረዳቸው ይህ ሰውዬ ነው አይደል?» አለኝ። ልጅ ነው፤ ኳስን የሚያውቀው በደረጃ ሰንጠረዥ ነው። መልስ ሳልሰጠው ወደ ሌላ ወሬ አለፍን።

ጥያቄው ግን እኔን አላለፈኝም። ያን ዕለት የነበረውን ያስታወሰ ሰው የጥያቄውን ክብደት ይረዳልኛል። ሃርቪ ባርንስ በመጀመሪያው አጋማሽ ካገባ በኋላ ሌስተር ከወራጅ ቀጠናው፣ ማለትም ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቦታዎች፣ ወጥቶ ነበር። የኤቨርተኑ አብዱላዬ ዱኩሬ በ57ኛው ደቂቃ ከሳጥኑ ጫፍ አክርሮ እስኪመታት ድረስ ሌስተር ሊጉ ውስጥ፣ ኤቨርተን ደግሞ ከሊጉ ውጭ ነበሩ። ያች ኳስ በአግዳሚው ላይ ብታልፍ ኖሮ አዳኝ የሚባለው ዲን ስሚዝ፣ አውራጅ የሚባለው ደግሞ የኤቨርተኑ ሾን ዳይች በሆነ ነበር። ሁለቱም የሠሩት ሥራ በዚያች ቅጽበት አልተለወጠም። የተለወጠው የምንሰጣቸው ስም ነው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። በእግር ኳስ ደግሞ ምሳሩ ሁልጊዜ የሚያርፈው ዛፉ ሲወድቅ ከሥሩ በቆመው ሰው ላይ ነው። ይህ ልክ ነው ወይ ብዬ ነጥቦቹን መቁጠር የጀመርኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ነጥቡን ለጨዋታ ስናካፍለው

ሌስተር ያን ዓመት በ34 ነጥብ 18ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚህ ውስጥ ከስሚዝ በፊት አሠልጣኝ የነበረው ብሬንዳን ሮጀርስ በ28 ጨዋታ የሰበሰበው 25 ነው። ሮጀርስ በኤፕሪል መጀመሪያ ከተሰናበተ በኋላ በጊዜያዊ አሠልጣኞች የተመሩት ሁለት ጨዋታዎች በሽንፈት አለቁ። ስሚዝ በቀሩት 8 ጨዋታዎች 9 ነጥብ አገኘ። ሲካፈል ለአንድ ጨዋታ 1.13 ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት 38 ጨዋታ ቢጫወቱ 43 ነጥብ ገደማ ይደርሱ ነበር፤ በዚያ ዓመት 43 ነጥብ ያለው ቡድን ስለ መውረድ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም።

አሁን ወደ ኤቨርተን እንሂድ። ፍራንክ ላምፓርድ በ20 ጨዋታ 15 ነጥብ ይዞ በጃንዋሪ ተሰናበተ። ከሌስተር የባሰ አቋም ነው። በምትኩ የመጣው ዳይች በ18 ጨዋታ 21 ነጥብ ሰበሰበ፤ ለአንድ ጨዋታ 1.17 መሆኑ ነው። የዳይች 1.17፣ የስሚዝ 1.13። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንዲያውም ስሚዝ በእነዚያ ስምንት ጨዋታዎች ከማንቸስተር ሲቲ፣ ከሊቨርፑል እና ከኒውካስል ጋር መጫወት ነበረበት።

እንግዲህ ሁለቱን የለያቸው የአሠልጣኝነት ችሎታ አይመስለኝም። አንደኛው 18 ጨዋታ ሲቀር ተጠራ፣ ሌላኛው 8 ሲቀር። የኤቨርተን ባለቤቶች በጃንዋሪ ደነገጡ። የሌስተር ባለቤቶች ግን እስከ ኤፕሪል ድረስ ሳይደነግጡ ቆዩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ስምንት ጨዋታ ትንሽ ናሙና ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነቱን ነው። ነገር ግን በስምንት ጨዋታ ሰውን አውራጅ ብሎ መፍረድ ከተቻለ፣ በዚያው ስምንት ጨዋታ ለሰውየው መከራከርም ይቻላል።

ማዲሰን፣ ፒክፎርድ እና አንዲት ኳስ

ከዚያ ዓመት ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረችው ቅጽበት የመጨረሻው ቀን አይደለችም። ሜይ 1 ቀን ሌስተርና ኤቨርተን እርስ በርስ ሲገናኙ የሆነችው ናት። ሌስተር 2 ለ 1 እየመራ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ኳሷን ያስቀመጠው ጀምስ ማዲሰን፣ በቡድኑ ውስጥ እግሩ ከሁሉም የሚታመን ተጫዋች ነው። ተንደርድሮ ወደ መሐል መታት። የኤቨርተኑ ግብ ጠባቂ ጆርዳን ፒክፎርድ ግን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አልዘለለም፤ ባለበት ቆሞ ጠበቃት።

ፒክፎርድ ከጨዋታው በኋላ እንደተናገረው፣ ማዲሰን አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሐል እንደሚመታ አጥንቶ ነበር የመጣው። በዚያ ሁሉ ጩኸት፣ የሁለት ክለቦች ዕጣ በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ ግብ ጠባቂው ያመነው ያለፈውን የማዲሰን ልማድ ነው። ግብ ጠባቂ ሳይዘል መቆም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የተጫወተ ያውቀዋል። ኳሷ ወደ ጎን ብትሄድ «ለምን ቆመህ አየሃት?» እየተባለ ዓመቱን ሙሉ ይወቀስባት ነበር።

ከእረፍት መልስ አሌክስ ኢዎቢ አቻ አደረገና ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። ማዲሰን አግብቶ ሌስተር ቢያሸንፍ፣ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቢቀጥል፣ ሌስተር በ36 ነጥብ፣ ኤቨርተን በ35 ይጨርሱ ነበር። የሚወርደውም ኤቨርተን ነበር። ኳስ እንደዚህ በመደመርና በመቀነስ እንደማይሄድ አይጠፋኝም፤ ያች ግብ ብትገባ ቀጥለው የመጡት ሳምንታት ሁሉ ሌላ መልክ ይይዙ ነበር። ይሁን እንጂ ሒሳቡ የሚለው ይህንን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ ግብ ጠባቂ የአንድን መቺ ያለፈ ታሪክ አንብቦ፣ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ትክክለኛውን ውሳኔ ወሰነ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጊዜ የነበራቸው የሌስተር ኃላፊዎች ግን የራሳቸውን ቡድን ያለፈ ታሪክ ተቃራኒ ትርጉም ሰጥተው አነበቡት።

ያለፈ ስም ዕድሜ ሲያራዝም

ሮጀርስ ያን ዓመት በመጀመሪያዎቹ 7 ጨዋታዎች ያገኘው 1 ነጥብ ነው። 22 ግብ ገብቶበታል። ብራይተን 5 ለ 2፣ ቶተንሃም 6 ለ 2 ቀጥቅጠውታል። ሌላ ክለብ ቢሆን በዚያው ሳምንት ያሰናብተው ነበር። ግን ሮጀርስ ማለት ሌስተርን በተከታታይ ሁለት ዓመት 5ኛ ያደረገ፣ በ2021 ክለቡ በታሪኩ አንስቶት የማያውቀውን የኤፍ ኤ ካፕ ያስገኘ ሰው ነበር። ያ ስም ጠበቀው። ወዲያው ኖቲንግሃም ፎረስትን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁሉም እፎይ አለ።

ሁለተኛው እፎይታ ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት አደረሰ። በፌብሩዋሪ ሌስተር አስቶን ቪላን 4 ለ 2፣ ቶተንሃምን 4 ለ 1 ረታ። ከ22 ጨዋታ 24 ነጥብ ሆነለት። ይህ ቡድን በጣም ጥሩ ስለሆነ አይወርድም ተባለ። ቀጥሎ በመጡት 6 ጨዋታዎች የተገኘው ግን 1 ነጥብ ብቻ ነው። እነዚያ ሁለት ድሎች ባይኖሩ ኖሮ ለውጡ በፌብሩዋሪ ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አንዳንዴ ድል የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

«በጣም ጥሩ ስለሆነ አይወርድም» የሚለው አነጋገር ሰለባው ብዙ ነው። ዌስትሃም በ2002 ውድድሩን 7ኛ ሆኖ ጨርሶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጆ ኮል፣ ማይክል ካሪክ፣ ጀርሜይን ዴፎ እና ፓኦሎ ዲ ካኒዮ ያሉበት ቡድን በ42 ነጥብ ወረደ። ሊጉ 20 ቡድኖች ከያዘ ወዲህ በዚህ ያህል ነጥብ የወረደ የለም። ከዚያም ወደኋላ ብንሄድ ማንቸስተር ሲቲ በ1937 ሻምፒዮን ሆኖ በ1938 ወርዷል። ያውም 80 ግብ አስቆጥሮ፣ ከሊጉ ሁሉ በላይ።

ሌስተር ራሱ ከስድስት ዓመት በፊት የዚህን ተቃራኒ ማድረጉ ነው የሚገርመው። ክላውዲዮ ራኒዬሪ በ2016 ማንም ያላሰበውን የሊግ ዋንጫ አንስቶ አሥር ወር ሳይሞላው፣ ክለቡ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ርቆ ሳለ ተሰናበተ። ዓለም ሁሉ አዘነለት፤ እኔም ተናድጄ ነበር። ምክትሉ ክሬግ ሼክስፒር ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ክለቡን 12ኛ አድርጎ ጨረሰ። ውለታ ቢስ የተባለው ውሳኔ ክለቡን አተረፈ። ለሮጀርስ የተደረገው ታጋሽነት ግን ክለቡን አወረደው።

ከዚህ ተነስቶ ሁልጊዜ ማሰናበት ይሻላል የሚል ካለ ኖቲንግሃም ፎረስትን ይመልከት። ስቲቭ ኩፐር በዚያው በ2022 አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ የሊጉ መጨረሻ ላይ ሳለ፣ ክለቡ በማሰናበት ፈንታ አዲስ ውል ሰጠው። በሜይ አርሰናልን 1 ለ 0 አሸንፎ በሊጉ መቆየቱን አረጋገጠ። ፎረስት የጠበቀው በስም አልነበረም። ቡድኑ ከ20 በላይ አዳዲስ ተጫዋቾች ስለነበሩት ለመዋሃድ ጊዜ ያስፈልገው ነበር። የሌስተር ቡድን ግን ከተዋሃደ ቆይቶ ማርጀት ጀምሯል።

መቀየሩስ ይረዳል?

ሆላንዳዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ባስ ተር ዌል በአገሩ ሊግ ከ1986 እስከ 2004 የነበሩ የአሠልጣኝ ለውጦችን መርምሮ ነበር። አሠልጣኝ ያሰናበቱ ክለቦች ከለውጡ በኋላ ተሻሻሉ። ነገር ግን በተመሳሳይ ሁኔታ ተዳክመው አሠልጣኛቸውን ያላሰናበቱትም እንዲሁ ተሻሻሉ። ነገሩ ሲያስቡት አይገርምም። አሠልጣኝ የሚባረረው ዕድሉ ሁሉ በጠመመበት ወቅት ነው፤ አግዳሚ ሲመልስበት፣ አጥቂው ሲጎዳ፣ ዳኛው ሲሳሳትበት። ከዚያ በኋላ ያለው አቅጣጫ አብዛኛውን ጊዜ ወደላይ ነው። ምስጋናውን የሚወስደው ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ የተገኘው ሰው ነው።

ቁጥሩን አልክድም፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልረታሁም። አማካይ ውጤት የእንግሊዙን ክለብ የሰንደርላንድን ዓይነት ታሪክ ይደብቃል። በ2013 ጸደይ ዲ ካኒዮ ማርቲን ኦኒልን ተክቶ አተረፋቸው፤ በሴፕቴምበር ተባረረ። ጉስ ፖዬት መጣ። በኤፕሪል 2014 የሊጉ መጨረሻ ላይ የነበረው ቡድን ቸልሲን በሜዳው አሸነፈ፤ ሆሴ ሞሪኒዮ በዚያ ሜዳ የሊግ ጨዋታ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ማንቸስተር ዩናይትድን በኦልድ ትራፎርድ ረትቶ ተረፈ። በ2015 ፖዬት ተባሮ ዲክ አድቮካት አተረፈ። እሱ ሲለቅ ሳም አላርዳይስ ተተክቶ በ2016 አተረፈ። አራት ዓመት፣ አራት አዳኞች። ሁሉም የሚጠበቅባቸውን አድርገዋል።

አምስተኛው ዴቪድ ሞይስ በ2017 በ24 ነጥብ አወረዳቸው። በ2018 ደግሞ ከሁለተኛው ሊግ ከሻምፒዮንሺፑም ወረዱ።

ሞይስን ነፃ ላወጣው አልሞክርም፤ ሥራው ደካማ ነበር። ግን እያንዳንዱ አዳኝ የመጣው ለጥቂት ሳምንታት ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገው ዛሬ የሚሮጥ ተጫዋች እንጂ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሸጥ ወጣት አይደለም። የሚቀጥለው አዳኝ ያንን ቡድን ተረክቦ የራሱን ሰዎች ይፈልጋል። ደመወዝ ይከመራል፣ ዕድሜ ይጨምራል፣ ውል ያልቃል። በየዓመቱ መትረፋቸው በሽታውን እንዳያዩ ጋረዳቸው። በ2013 ወርደው ቢሆን ኖሮ ይሻላቸው ነበር የሚል ደጋፊ ቢገጥመኝ አልከራከረውም።

የሌስተርም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ሁለቱንም ዓመት 5ኛ ሲሆን ሻምፒዮንስ ሊግን ያጣው በመጨረሻው ቀን ሽንፈት ነው። ደመወዙ ግን የሻምፒዮንስ ሊግ ቡድን ደመወዝ ነበር። በ2021/22 ብቻ ከ90 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከሰረ። በ2022 ክረምት ግብ ጠባቂው ካስፐር ሽማይክል ሄደ፣ ዌስሊ ፎፋና ለቸልሲ ተሸጠ፣ ሜዳ ላይ ለሚሰለፍ ቦታ የተገዛው ዋውት ፋስ ብቻ ሆነ። ዩሪ ቲሌማንስና ቻግላር ሶዩንቹ ውላቸው ሳይታደስ ዓመቱን ጀመሩ። በዚያ ክረምት ዲን ስሚዝ የሌላ ክለብ፣ የኖርዊች፣ አሠልጣኝ ነበር።

ዕዳው የተመዘገበበት ሊግ

በእንግሊዝ ያለፈው አቋም ቡድኑ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። በአርጀንቲና ግን በይፋ ይቆጠር ነበር። ከ1983 ጀምሮ ወራጁን የሚለየው የአንድ ዓመት ነጥብ ሳይሆን የሦስት ዓመት ነጥብ ለተደረጉት ጨዋታዎች ተካፍሎ የሚገኘው አማካይ፣ እነሱ ፕሮሜዲዮ የሚሉት ነበር። ትልልቆቹን ክለቦች ለመከላከል የተፈጠረ ነው እየተባለ ይታማል፤ አንድ ክፉ ዓመት ብቻውን እንዳያወርዳቸው።

ሪቨር ፕሌት በ2008 አጋማሽ በዲዬጎ ሲሞኔ አሠልጣኝነት ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎ በመጣው የግማሽ ዓመት ውድድር በ19 ጨዋታ 14 ነጥብ ብቻ ይዞ መጨረሻ ወጣ። ሲሞኔ ውድድሩ ሳያልቅ ለቀቀ። በአንድ ዓመት ስሌት ቢሆን ነገሩ እዚያው ተረስቶ ይቀር ነበር። በፕሮሜዲዮ ግን እነዚያ 19 ጨዋታዎች ለሦስት ዓመት ክለቡን ተከትለውት ሄዱ። ኔስቶር ጎሮሲቶ መጣ፣ ሄደ። ሊዮናርዶ አስትራዳ መጣ፣ ሄደ። አንኼል ካፓም እንዲሁ። በ2010/11 ሪቨር በ38 ጨዋታ 57 ነጥብ ሰበሰበ። ብቻውን ቢታይ የሚያስወርድ ውጤት አልነበረም። የሦስቱ ዓመት ድምር ግን በ114 ጨዋታ 141 ነጥብ ሆነ፤ አማካዩ 1.237። በዚህም ከታችኛው ሊግ ቤልግራኖ ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ተፈረደበት። በመጀመሪያው 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሁለተኛው፣ ጁን 26 ቀን 2011፣ 1 ለ 1 ሆኖ በሁከት ተቋረጠ። ሪቨር በ110 ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደ።

ያን ቀን ወንበሩ ላይ የነበረው ሁዋን ሆሴ ሎፔዝ ነው። ስሙ ከመውረዱ ጋር ታስሮ ቀረ። ሲሞኔ ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ሄዶ ሁለት ጊዜ የስፔን ሻምፒዮን ሆነ። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለው ነው። ልዩነቱ አርጀንቲናዎች ዕዳውን በየሳምንቱ በጋዜጣ ያትሙት ነበር፤ እያንዳንዱ ደጋፊ ማን በስንተኛው ዓመት ምን ያህል እንደበላ ማየት ይችላል። ሥርዓቱን ፍትሐዊ ነው አልልም። ለአዳጊ ክለቦች ጨካኝ ነው። ቢያንስ ግን ዕዳው የማን እንደሆነ አይደብቅም።

በሌስተር ጉዳይ ግን ሒሳቡን የሚያትም አልነበረም። ክለቡ ወደ ሊጉ ተመልሶ በ2024/25 ስቲቭ ኩፐርን ቀጠረ፤ በኖቲንግሃም ታጋሽነት ያተረፈውን ያንኑ ሰው። በ12 ጨዋታ 10 ነጥብ ይዞ 16ኛ፣ ማለትም ከወራጅ ቀጠናው ውጭ ሳለ፣ በኖቬምበር አሰናበቱት። በ2023 ዘግይተው ስለነበር አሁን ቸኮሉ ብዬ ነው የማየው። በእሱ ቦታ የመጣው ሩድ ቫን ኒስተልሮይ በ25 ጨዋታ 15 ነጥብ አገኘ፤ በሜዳቸው ዘጠኝ የሊግ ጨዋታ በተከታታይ ግብ ሳያስቆጥሩ ተሸነፉ። በ25 ነጥብ ወረዱ። ጊዜውን አስተካክለው ነበር እንበል፤ ሌላው ሁሉ ግን ያው ነበር።

የእህቴ ልጅ አሁን አድጎ የጥያቄው ዓይነት ተለውጧል። በቅርቡ ያነሳብኝ ስለ ቪንሰንት ኮምፓኒ ነው። ኮምፓኒ በርንሌይን በ101 ነጥብ ወደ ፕሪምየር ሊግ አሳድጎ፣ በቀጣዩ ዓመት በ24 ነጥብ አወረደው፤ ክለቡም እስከ መጨረሻው አላሰናበተውም። ከወረደ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ባየርን ሙኒክ ቀጠረው። በ2025 የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። «የወረደን ሰው እንዴት ባየርን ይወስደዋል?» ነው ጥያቄው። የባየርን ሰዎች ከ24ቱ ነጥብ ይልቅ ከዚያ በፊት ያለውን ዓመትና ቡድኑ የሚጫወትበትን መንገድ እንዳዩ ነገርኩት። በርንሌይ ያን ዓመት በአብዛኛው ያሰለፈው ገና ሊጉን የማያውቁ ወጣቶችን እንደነበረም ጨመርኩለት። አልተዋጠለትም። ሰንጠረዡን ከፍቶ 19ኛውን መስመር አሳየኝ።